የሕፃናትና የወጣቶች ክበባችን ሥራው ምንድን ነው?

የክበባት ምዝገባ በሚካሄድበት ሰሞን አዲስ ገቢ ሰልጣኞች በየጠረጴዛው እየዞሩ ይጠይቃሉ። የስፖርት ክበብ ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠፋውም። የኪነት ክበብ ድራማና ግጥም ያዘጋጃል። የቀይ መስቀል ክበብ ደም ያስለግሳል፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ያስተምራል። ወደ እኛ ጠረጴዛ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው ስሙን ያነባሉና «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ስሙ ረዘም ስላለ ይሆናል፣ አንዳንዱ የሕግ ትምህርት የሚሰጥበት ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ በሰኔ ወር ለሕፃናት ከረሜላና ደብተር የሚታደልበት ነው ብሎ ያልፋል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ለሁለቱም ወገን መልስ ይሆን ዘንድ ነው። በጎ በጎውን ብቻ ለመናገር ግን አይደለም። ያጠፋነውም ስላለ እሱንም እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ «ሕፃን» የሚለውን ቃል እንይ። በተለምዶ ሕፃን ስንል እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅ ነው የሚታየን። በሕግ አነጋገር ግን፣ የአገሩ ሕግ ቀደም ብሎ ለአካለ መጠን ካላደረሰው በቀር፣ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ሁሉ ሕፃን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንደኛው አንቀጹ የሚለው ይህንኑ ነው። ስምምነቱ 54 አንቀጾች ያሉት ሲሆን አገራችንም በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። «ወጣት» የሚባለው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወጣቶች ፖሊሲ መሠረት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ነው። እንግዲህ ልብ ብሎ ላየው ሁለቱ ይደራረባሉ። የ16 ዓመት ልጅ ሕፃንም ነው፣ ወጣትም ነው። እኛ ሰልጣኞቹም ብንሆን አብዛኞቻችን ከሕፃንነት የወጣነው ትናንት ነው፤ ነገ ደግሞ 60ና 70 ሕፃናት ፊት እንቆማለን።

መሟገት የሚለውስ? በአገራችን ሙግት የተከበረ ነገር ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ይደነቅ ነበር። በዚያ ሸንጎ ላይ ግን ልጅ ቦታ አልነበረውም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ተብሎ ያደገ ሰው ልጅ ሲናገር ጆሮውን አይሰጥም። ከላይ የጠቀስኩት ስምምነት 12ኛ አንቀጽ ግን የራሱን ሐሳብ መመሥረት የሚችል ሕፃን እርሱን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። የክበባችን ሥራ በአጭሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ መግባት በማይችልበት ስብሰባ ገብቶ ልጁ ያለውን ማቅረብ ነው። ልጁ ያለውን እላለሁ፣ እኛ ይበጀዋል ያልነውን አይደለም። ይህ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ልምጩ።

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ የወጣሁበት ትምህርት ቤት (ስሙን ማንሣት አያስፈልግም) በር ላይ ጠዋት ጠዋት አርፋጆች ይንበረከኩ ነበር። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ መዝሙር ካለቀ በኋላ የመጣ ልጅ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ ይቆይና መዳፉን ዘርግቶ ሁለት ሁለት ልምጭ ይቀምሳል። ከአርፋጆቹ መካከል አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ አንድም ቀን አትጠፋም። በአራተኛው ቀን ጠጋ ብዬ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታረፍጂው?» አልኳት። «ቲቸር፣ ቦኖው የሚከፈተው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ወረፋ አለ» አለችኝ። ትምህርት የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ በአራት ቀን ስምንት ጊዜ ተገርፋለች፣ ቦኖው ግን አንዲት ደቂቃ ቀድሞ አልተከፈተም።

እኔና አንድ የክበባችን አባል ወደ ቦኖው ሄድን። የምትቀዳዋ ሴትዮ መጀመሪያ ተቆጣች፣ «ደግሞ እናንተ ከየት መጣችሁ?» አለች። ነገሩን ስናስረዳት ግን «እኔ ምን አውቄ! ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ካየሁ አስቀድምለታለሁ» አለች። ወረፋተኛው ያጉረመርማል ብለን ፈርተን ነበር። አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው የተናገሩት፣ እርሳቸውም «ልጆቹ ይቅደሙ፣ እኔ የት እሄዳለሁ» ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ልጅቷ ያረፈደችው ሁለት ቀን ነው። ለዚህ ሥራ ሰነድም፣ በጀትም፣ ሰልፍም አላስፈለገንም። ልጅቷን መጠየቅና ሁለት መቶ እርምጃ መራመድ ብቻ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል ለሚል፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ነው። የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ «ሠ» ፊደል ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚህ በላይ ግልጽ ቃል አይገኝም። ዳሩ ግን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታት የሚያስቀጣ መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድ ተገቢ የሆነ የሥነ ሥርዓት እርምጃን ከዚህ ውጭ ያደርገዋል። «ተገቢ» የሚለው ቃል ሰፊ በር ነው። ልምጭ ያነሣ ሁሉ የእኔ ተገቢ ነው ይላል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ትምህርት ቤትን በሚመለከት ሕገ መንግሥቱ ስለተናገረ በዚያኛው በር መግባት አይቻልም።

ታዲያ ሕጉን መጥቀስ ብቻውን መምህርን አያሳምንም። ከአስተማሪዎቻችን አንዱ፣ ብዙ ዘመን ያስተማሩና ሁላችንም የምናከብራቸው፣ በስብሰባችን ላይ ተገኝተው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ የምትሉት መልካም ነው። ግን 75 ልጅ በአንድ ክፍል ይዛችሁ ያለ ዱላ ጸጥ አሰኝታችሁ አሳዩኝ።» ሁላችንም ዝም አልን። እውነታቸውን ነውና።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተነጋግረንበታል። መጀመሪያ የደረስንበት ነገር ልምጭ የሚያመጣው ጸጥታ መምህሩ ወደ ሰሌዳው እስኪዞር ድረስ ብቻ መሆኑን ነው። ሲዞር ጫጫታው ይመለሳል። ቀጥሎም የሚጮኸው ልጅ በአብዛኛው የሚሠራው ያጣ ልጅ ነው። አንዱ ጨርሶ ተቀምጧል፣ ሌላው ጭራሽ አልገባውም። ለሁለቱም የሚሆን ሥራ የያዘ መምህር ግማሹን ጫጫታ አስቀድሞ አጠፋው ማለት ነው። በልምምድ ወቅት የሞከርናቸውም አሉ። የልጆቹን ስም በመጀመሪያው ሳምንት ማጥናት (ስሙ የተጠራ ልጅ ከተገረፈ ልጅ ይበልጥ ቀጥ ይላል)፣ የክፍሉን ደንብ ከልጆቹ ጋር ማውጣት፣ በጭብጨባ ምልክት ጸጥ ማሰኘት፣ ተናግሮ ከመቆጣት ይልቅ ወደሚረብሸው ዴስክ ሄዶ አጠገቡ ቆሞ ማስተማር። ሁሉም ሁልጊዜ አይሠሩም። 75 ልጅ ምንጊዜም 75 ልጅ ነው። ለአስተማሪያችን ይህንኑ ነግረናቸው «ጋሼ፣ ግማሽ መልስ ነው ያለን» ስንላቸው ሳቁና «ግማሹን ካገኛችሁ ከእኔ ትበልጣላችሁ» አሉ። አሁን የክበባችን አማካሪ ናቸው።

ሌላው የምንሰማው «እኔም ተገርፌ ነው እዚህ የደረስኩት» የሚለው ነው። እኔም ተገርፌያለሁ። አባቴ ሲያስመዘግበኝ ለመምህሩ «ዓይኑን ብቻ ተውልኝ» ብሎ እንደሰጠኝ አስታውሳለሁ፤ በጊዜው አባቴ ቀለደ መስሎኝ ነበር። ግን አብረውኝ ተገርፈው በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል ያቋረጡት ጓደኞቼ እዚህ ተቋም ውስጥ የሉም። ስለዚህ በዚህ ክርክር ላይ ድምፃቸው አይሰማም። የምንሰማው የደረሱትን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። ይህን መጻፍ ደስ አይልም፤ ድራማውን የጻፍኩት እኔ ነኝና።

የጥር ወር መቃረቢያ ላይ ነበር። በገጠሩ ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ጾም ሳይገባ ሁሉም ይጣደፋል። በልምምድ ትምህርት ቤታችን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ ለአንዲት የክበባችን አባል ሊድሯት መሆኑን በምስጢር ነገረቻት። አባላችን ለክበቡ ነገረች። እኛም ጦፍን። በሳምንት ውስጥ ድራማ ተጻፈ፣ ተጠና፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ወላጆች በተጠሩበት ቀረበ። የልጅቷን ስም ለውጬ ነበር። አባትየውን ግን ወፍጮ ቤት ያለው፣ በበቅሎ የሚሄድ ሰው አደረግሁት። በዚያ ቀበሌ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው አንድ ነው፣ በበቅሎ የሚሄደውም እሱ ነው። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ወደ አንድ አቅጣጫም ዞሮ ተመለከተ። እኛ ድራማው ተሳካ ብለን ማታ ሻይ ተጋበዝን። ሰኞ ልጅቷ አልመጣችም። ማክሰኞም። በኋላ እናትየው ለአንዲት መምህርት እንደነገሯት ሌላ ወረዳ ወዳለች አክስቷ ዘንድ ልከዋታል። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ሕጉን አናውቅም ነበር እንዳይባል እናውቃለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት እንደሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ያልሞላት እንደሆነ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። ይህን ሁሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ያላደረግነው ልጅቷን «አንቺ ምን እንድናደርግ ትፈልጊያለሽ?» ብለን መጠየቅ ነው። ቀላል ነገር ነበር። ምናልባት አያትዋን አነጋግሩልኝ ትል ነበር፣ ምናልባት ርዕሰ መምህሩን። ምናልባትም የነገረቻት ለመተንፈስ ብቻ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ሌሎች እንዴት እንደሠሩ ማንበብ ጀመርን። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ የገጠር ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተጀምሮ ነበር። እዚያ ማንንም በአደባባይ አላሳፈሩም። ልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጥቷቸው በትምህርታቸው እንዲቆዩ ተደረገ፣ በቡድን የሚያገኟቸው ሴት አማካሪዎች ተመደቡ፣ የቀበሌው ሰው ተቀምጦ እንዲወያይ ተደረገ። ልጃቸውን ለሁለት ዓመት ሳይድሩ ያቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻ አንድ ፍየል ተሰጣቸው። ውጤቱ ሲመዘን ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ያገቡት ይህ ሥራ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ይህን የመሰለ ውጤት አልታየም። ይህ የሚያሳየው ጉዳዩ በአንድ ዘዴ የማያልቅ መሆኑን ነው። ቢሆንም ፍየሏ ብዙ አሳስባናለች። አባትየው ልጁን የሚድረው ክፉ ሰው ስለሆነ ነው ብለን ነበር ድራማውን የጻፍነው። ምናልባት የሚፈራው ነገር ነበረው። ድህነት፣ ሐሜት፣ ልጅቷ በመንገድ እንዳትጠለፍ። ስለ ፍርሃቱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም።

ስለዚህ አሁን የልጅ ጉዳይ ወደ ክበቡ ሲመጣ አሠራሩ ተለውጧል። ጉዳዩን የሰማው አባል ለክበቡ ሰብሳቢና ለአማካሪው ብቻ ይናገራል። በቃለ ጉባኤ ላይ የልጁ ስም አይጻፍም። ልጁ የሚለው በራሱ ቃል ይመዘገባል። ከዚያም ከልጁ ጋር ተመክሮ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ወደ ሴት ልጆች ክበብ ኃላፊ መምህርት ወይም ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ልጁ ላይ አደጋ የሚደርስ ከሆነ ግን ጊዜ አይሰጥም፣ በዚያው ቀን ለፖሊስ ይነገራል፤ ይህንንም ለልጁ አስቀድመን እንነግረዋለን። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት በክበባችን ክልክል ነው። ልንጠብቀው የማንችለው ቃል ነውና። ድራማ መሥራት አልተውንም፤ ግን ከልምምድ ትምህርት ቤቶቻችን ካገኘነው ጉዳይ ምንም አይወሰድም።

ስለ ከረሜላው ደግሞ። ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው። በዓሉ የሚከበረው በደስታ ቀን መታሰቢያነት አይደለም። ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ አጠገብ በምትገኘው ሶዌቶ፣ ተማሪዎች ለሰልፍ ወጡ። የወጡበትም ምክንያት የአፓርታይድ መንግሥት ትምህርታቸው በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲሰጥ በማስገደዱ ነበር። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት መካከል የ12 ዓመቱ ሔክተር ፒተርሰን ይገኝበታል፤ ሌላ ተማሪ ታቅፎት ሲሮጥ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኑ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሆኖ እንዲከበር አደረገ። እንግዲህ ሰልጣኞች ሆይ፣ የነገሩ መነሻ የማስተማሪያ ቋንቋ ነበር፤ የእኛው የሙያ ጉዳይ። ልጆች «አይገባንም» ብለው ነው የወጡት። ከረሜላው ይታደል፣ ልጆች ይወዱታል፤ ግን ዘንድሮ ይህን ታሪክ የማይናገር አባል ከረሜላ ይዞ አይወጣም ብለናል።

የሚሠሩ ልጆችን ጉዳይ በሚቀጥለው እትም በሰፊው እመለስበታለሁ። ለአሁኑ አንድ ነገር ብቻ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሥራ መግቢያ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ይሁን እንጂ አዋጁ የቤት ውስጥ አገልግሎትን አይመለከትም። ስለዚህ ከገጠር «እናስተምራታለን» ተብላ መጥታ ቀን ስታበስልና ሕፃን ስታዝል ውላ ማታ በትምህርት ቤት ዴስክ ላይ የምታንቀላፋው ልጅ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነች። በማታው ክፍል ለልምምድ የምትመደቡ ታገኟታላችሁ። ስለተኛች አትቀስቅሷት አልልም፤ ስትቀሰቅሷት ግን ስንት ሰዓት እንደተነሣች ጠይቋት።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ የተማሪ ሥራ ነው ወይ? መንግሥት የለም ወይ?» ይላል። የተማሪ ሥራ ለመሆኑ ታሪክ አለው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ እየወጡ ሲያገለግሉ ብዙዎቹ የሠሩት በማስተማር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጡ። ስለ እነዚያ ዘመቻዎች የተለያየ አስተያየት አለ፤ የወጡት ሁሉ በፈቃዳቸው የወጡም አይደሉ። ክበባችን በዚህ ይለያል። ማንም ተገዶ አይገባም፣ ማንም ነጥብ አያገኝበትም። ባለፈው ዓመት 40 ሰው ተመዝግቦ በጥር ወር የቀረነው 13 ነበርን። ከድራማው በኋላ ደግሞ ሁለቱ በኀዘን ለቀቁ። አልፈረድንባቸውም።

ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት ሁለት ስብሰባዎች ይቀሩናል፣ ሁለቱም ሐሙስ ከ11 ሰዓት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ናቸው። በመጀመሪያው ላይ አማካሪያችን 75 ልጅ ያለበትን ክፍል ያለ ልምጭ ስለ መያዝ በራሳቸው ሙከራ ያዩትን ይነግሩናል፤ ከሙከራው ግማሹ ከሽፏል ብለዋል፣ የከሸፈውንም ሊነግሩን ነው። በሁለተኛው ላይ ደግሞ እያንዳንዱ አባል የሚመደብበት ትምህርት ቤት ይነበባል። ያ ወፍጮ ቤት ያለበት ቀበሌ ትምህርት ቤትም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። እዚያ እንድመደብ አመልክቻለሁ።